ከፎቶው የተቆረጠችው እንጨት

ብሪዝበን፣ ማርች 4 ቀን 2019

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አክስቴ ለታራይቪኒ፤

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝዎ እየጸለይኩ ሰላምታዬን ከባሕር ማዶ እልካለሁ። እኔ ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነበር እንጂ ደኅና ነኝ።

የሹማችንን የኤፓራማን ሞት የሰማሁት ሥራ ላይ እያለሁ ነው። መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ለቀብሩ መድረስ ነበረብኝ፤ አልሆነልኝም። አዲስ ሥራ ይዣለሁ፣ ገና ሳይለምዱኝ ፈቃድ ብጠይቅ አይወዱልኝም። እዚህ አገር ደግሞ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ነው የሚሄደው። እንደ ልማዳችን በእኔ ፋንታ የለቅሶውን ምንጣፍ ይዘው እንደገቡ ሰምቻለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንዲህ በየቦታው እየተኩልኝ ኖረዋል፤ እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልኝ።

ሥራው ምንድን ነው ይሉኝ ይሆናል። የማይሰሙ ሰዎች እንዲሰሙ የሚያደርግ ቢሮ ነው። ማኅበርም ይመጣል፣ ኩባንያም ይመጣል፤ እኛ ነገራቸውን በስልክ ላይ እናዛምትላቸዋለን፣ ከዚያ ጋዜጣና ሬዲዮ ያነሣዋል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ቢያዩኝ «ይኼ ደግሞ ሥራ ተብሎ!» ይሉኝ ነበር።

ካሜራው ጥሩ የሆነ ስልክ ልኬልዎታለሁ። በስልክ ይጻፉልኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ ከወረቀት በቀር እንደማይወዱ አውቃለሁ። ግን ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ መስመሩ ይይዛልና፣ የባሕሩን ፎቶ ይላኩልኝ። ከደጃፋችን እንደሚታየው፣ ጀልባውንም መረቡንም። ናፍቆኛል።

የእርስዎው ካሊዮቫ


ቩናሳሌ፣ ማርች 21 ቀን 2019

ለልጄ ለካሊዮቫ፤

የአባቶችህ አምላክ በመውጣትህም በመግባትህም ይጠብቅህ፤ እንጀራህን ያብዛልህ፣ ጉንፋኑንም ያንሣልህ። እኛ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነን። ጉልበቴ አንተ እዚህ ሳለህም ያው ነበር።

ስልኩ ደርሶኛል። ገና ሳጥኑን ሳልከፍት ግማሹ መንደር ደጄ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ግን አሁንም በወረቀት ነው የምጽፍልህ፤ በስልክ የተጻፈ ነገር ማን እንዳነበበው አይታወቅም።

ቀብሩ እንደ ማዕረጉ ሆነ። ባሕሩም ተዘግቷል። ልጅ ሆነህ ስለወጣህ ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ፦ ሹም ከተቀበረ እስከ መቶኛው ሌሊት ድረስ ባሕራችንን ከሚያጥረው ከኮራሉ አለት ወዲህ መረብ አይጣልም፣ መንጠቆ አይወርድም። የሹማችን ቃል አቀባይ ኢኖኬ በዚያ በሚያመው ወገቡ ራሱ ውሃ ውስጥ ገብቶ የባሕሩን መዘጋት የምታሳየውን እንጨት ተከላት፣ ጥቁሩንም ጨርቅ አሰረባት። ልጆቹ እናግዝህ ቢሉት የቃል አቀባይ ሥራ ነው ብሎ በዱላው አባረራቸው። ጀልባዎቹን የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ደፍተናቸዋል፣ መረቡም ተሰቅሎ ደርቋል። የደሴት ሰዎች ሆነን ዓሣ በቆርቆሮ እየገዛን መብላት ይዘናል። ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ የቆርቆሮ ዓሣ ስውጥ፣ ዓሦቹ አንገታቸውን አውጥተው ሳይስቁብኝ አይቀሩም።

ሌላውም ሕግ እንዳለ ነው። ሐዘኑ አልቆ አዲሱ ሹም እስኪቀመጥ ድረስ፣ ስለ መሬትም ስለ ባሕርም በመንደሩ ስም አፉን የሚከፍት የለም። ኢኖኬ እንኳ፣ ለመናገር የተወለደው ሰውዬ፣ ዝም ብሏል። ሚስቱ «አሁን ገና ትዳር አገኘሁ» ትላለች።

አንድ ነገር ግን ሆዴን እየበላኝ ነው። ሹማችን ሳይሞት መጥተው የነበሩት ሰዎች፣ ከኮራሉ ሥር ያለውን አሸዋ በመርከብ መጥጠን እንውሰድ ያሉት፣ ተመልሰው መጡ። ኢኖኬ ሐዘን ላይ ነን ብሎ መለሳቸው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። ወዲያው መንግሥት «የሚቃወም ካለ እስከ ሜይ መጨረሻ ይናገር» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ አሉን። በሜይ መጨረሻ እኛ ገና ሐዘን ላይ ነን እኮ። አሸዋው ከሥሩ ከሄደ ኮራሉ ይናዳል፤ ኮራሉ ከተናደ ዓሣው የት ያድራል? እኛስ ምን ልንበላ ነው? አንተ እዚያ ሰው ታውቃለህ፤ እነዚህ ሰዎች ማን እንደሆኑ አጣራልኝ።

ፎቶዎቹን ኮረብታው ላይ ወጥቼ ልኬልሃለሁ። ከአንተ ሌላ ለማን እንደሚላክም አላውቅበትም።

አክስትህ ታራይቪኒ


ብሪዝበን፣ ማርች 27 ቀን 2019

ለውድ አክስቴ፤

የእግዚአብሔር ሰላም በእርስዎና በቤትዎ ይሁን፤ ጉልበትዎንም ያበርታልዎ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ዋና ከተማችን ወደ ሱቫ ስለሚሄድ ይህን በእጁ ሰድጄዋለሁ፤ ከወትሮው ፈጥኖ ይደርስዎታል።

ፎቶዎቹን ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አለቃዬም አየልኝ። ባሕሩን «ቆንጆ ነው» ብሎ አለፈው፤ የተደፉት ጀልባዎች ላይ ግን ብዙ ቆየ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፣ «ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለኝ። ሳቅሁ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም።

አሁን ደግሞ ተንቀሳቃሽ ምስል ይላኩልኝ። ስለ ቆርቆሮው ዓሣ የጻፉልኝን ያንን በቃልዎ ይንገሩኝ፤ ድምፅዎን ልስማ። ከተሰቀለው መረብ ፊት ቢቀመጡ ጥሩ ነው። አጭር ይሁን። የሐዘኑን ነገር ማንሣት አያስፈልግም፣ እሱን አውቀዋለሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ውሃ ማጠራቀሚያ መሰንጠቁን ሰምቻለሁ። አዲስ እንዲገዛ ላደርግ እችል ይሆናል፤ ቢሮዬ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ይረዳል። ለጊዜው ለሌሎቹ አይንገሩ፣ ድንገት ደስ ይበላቸው።

ልጅዎ ካሊዮቫ


ቩናሳሌ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 2019

ለልጄ ለካሊዮቫ፤

ጌታ ከተንኮለኛ ምላስ ይሰውርህ፣ እግርህንም ከወጥመድ ይጠብቅ። እኛ በሕይወት አለን።

ያልከውን አድርጌ ላክሁልህ። ጎረቤቶቼ አሮጊቷ ከስልክ ጋር ማውራት ጀመረች ብለው ሲስቁብኝ ሰነበቱ። አሁን የሚስቅ የለም።

ባለፈው የመጣው ጀልባ ጋዜጣ ይዞ መጣ። ፊት ገጹ ላይ የኛ ጀልባዎች፣ ተደፍተው! ከላዩ «በቩናሳሌ ዓሣ አለቀ፤ አጥማጆች ባሕሩን ትተው ወጡ» ይላል። እኔም አለሁበት። «ባሕር ዳር ቁጭ ብላ የቆርቆሮ ዓሣ የምትበላ እናት» ብለውኛል፤ ቀልዴን እንደ ለቅሶ ነው የጻፉት። ይህን ሁሉ ያገኙት «የቩናሳሌ ዓሣ አጥማጆች ድምፅ» ከሚባል የስልክ ገጽ ነው አሉ፤ ብዙ ሺህ ሰው ይከተለዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓሣ ሳጠምድ ኖሬያለሁ፣ ድምፅሽን አውሺን ያለኝ ሰው ግን የለም። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል ነበር፤ አሁን የነበረው ዝም ብሎ ያልነበረው ያረዳ ጀመር።

ይባስ ብሎ ሬዲዮው ኢኖኬን በስልክ ላነጋግር ብሎ ላከ። ኮረብታው ላይ ደግፈን አወጣነው። ዓሣው አለቀ ወይ? አሸዋው ቢሸጥ ለመንደሩ አይጠቅምም ወይ? ብለው ጠየቁት። ኢኖኬ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆመ፣ ቆመና ስልኩን ለእኔ መለሰልኝ። ማታ በዜና «ሽማግሌዎቹ አስተያየት ከመስጠት ተቆጥበዋል» ተባልን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ ራሳችን ከሬዲዮ ሰማን።

ሰው በጎሪጥ እያየኝ ነው። ኢኖኬ ጋዜጣውን አጥፎ ወስዶታል። ስልኬን የሚሰርቅ ነገር አለ ወይ? የላክሁልህን መንገድ ላይ ጠልፎ የሚወስድ? ያ ገጽ የማን እንደሆነ ፈልግልኝ። ስለ አሸዋው ሰዎችም ጠይቄህ ነበር፤ ሳትመልስልኝ ቀረህ። ደግሞ የአንተ ቢሮ ሱቫ ምን ሥራ አለው?

አክስትህ ታራይቪኒ


ብሪዝበን፣ ሜይ 6 ቀን 2019

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። መልሱ ስለ ዘገየ ይቅር ይበሉኝ፤ ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው።

ስልክዎን ማንም አልሰረቀውም፤ አይስጉ። ነገሩን እንደ ሥራ ላስረዳዎት፣ ካወቁት አያስፈራም። ጋዜጠኛ ቩናሳሌ ድረስ አይመጣም፤ ጀልባው ሩቅ፣ ገንዘቡም የለውም። ቢሮው ተቀምጦ ሰው በስልኩ ላይ ምን እንደሚያወራ ያያል። ብዙ ሰው ያወራበትን ነገር ዜና ነው ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ አንድ ወገን መሰማት ሲፈልግ ገጽ ይከፍታል፣ ሰው ይሰበስባል፣ ፎቶውንና የሚጠቀሰውን ቃል አሰናድቶ ያቀርባል። ጋዜጠኛው ያን አንሥቶ ያትማል። ገጹም ተመልሶ «ይኸው ጋዜጣው ጻፈው» ይላል፤ ሰው ይጨምራል። ሐኪሞችም እንዲሁ ያደርጋሉ፣ ዛፍ አትቁረጡ የሚሉትም፣ ባለ ሱቆችም። ወንጀል አይደለም። ዝም ያለ ሰው በዚህ ዘመን እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ዝም ያሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ያንን እኔ አላመጣሁትም።

አሸዋው ቢሸጥ ክሊኒክ ሊመጣ ይችላል፣ ያውቃሉ? እናቴ የሞተችው ጀልባ ስትጠብቅ ነው። ይህን አስቤዋለሁ። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ፎቶው ከማን ወደ ማን እንደሄደ ለጊዜው ለማንም አይናገሩ። ስለ እኔ ብለው። የመኖሪያ ፈቃዴ በሚቀጥለው ወር ይታያል፣ አለቃዬ ነው የሚፈርምልኝ።

ካሊዮቫ


ቩናሳሌ፣ ሜይ 13 ቀን 2019

ካሊዮቫ፤

አምላክ ልብ ይስጥህ።

ኢኖኬ ጋዜጣውን አመጣልኝ። ምንጣፌ ላይ አስቀምጦት፣ የሰጠሁትን ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። መነጽሬን አድርጌ ከስልኬ ፎቶ ጋር አስተያየሁት። ያው ፎቶ ነው። ጀልባዎቹ አሉ፣ ዛፉ አለ፣ ደመናው ሳይቀር አለ። በስተቀኝ በኩል ውሃው ውስጥ የቆመችው እንጨት፣ ጥቁሩ ጨርቅ ያለባት፣ የለችም። ፎቶው እሷ ጋ ሲደርስ ተቆርጧል።

ጋዜጠኛ አልቆረጣትም፤ ለሱ የተተከለ እንጨት ነው እንጂ ምን ይመስለዋል? አለቃህም አያውቃትም። እንጨቷ ካለች ባሕሩ በሐዘን የተዘጋ እንጂ የሞተ እንዳልሆነ የሚያውቅ፣ ስለዚህም የፈራት፣ የዚህ አገር ልጅ ብቻ ነው። ፎቶውን የላክሁት ለአንድ ሰው ነው።

እናንተ ታወራላችሁ፣ ጋዜጣው ይደግማል፣ ከዚያ «ጋዜጣው አለ» ትላላችሁ። እዚህ ይህን የሚያደርግ ሰው ሐሜተኛ ነው የሚባለው፤ ደሞዝ የሚከፍለው ግን የለም። የእናትህን ነገር ደግሞ አታንሣብኝ። ጀልባውን ስትጠብቅ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ክሊኒክ የሚሰጥ ሰው ሐዘናችንን ጠብቆ አይመጣም።

ለኢኖኬ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም፤ የሚያውቅ ይመስለኛል። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በዚያው ገጽ ላይ ሙሉውን ፎቶ አውጣው። እንጨቷን መልሳት። «ባሕሩ የተዘጋው ሹማችን ስለሞተ ነው» ብለህ አንድ መስመር ጻፍ። ተቃውሞ የሚዘጋበት ቀን ደርሷል፤ ከአንተ በቀር ማንም ይህን ማለት አይችልም።

ታራይቪኒ


ብሪዝበን፣ ሜይ 20 ቀን 2019

ለውድ አክስቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባልደረባዬ እንደገና ሱቫ ስለሚመጣ ይህን በእጁ ልኬዋለሁ።

የጠየቁኝን አለቃዬን አነጋገርኩት። አሁን አይሆንም አለኝ። ግን አይዘኑ፤ ሱሽማ የምትባል ጋዜጠኛ ከሱቫ እናንተ ዘንድ ልትመጣ ነው። ገጹን ማን እንደሚመራው ጠይቃ ስለነበር ስሜ ተሰጥቷታል። የዓሣ አጥማጆቹ ተወካይ ተብዬ፣ አሸዋው ይሸጥ እንዳልኩ ሆኖ በጋዜጣ ወጥቻለሁ። አልተመካከርንበትም፤ እኔም ያወቅሁት ከወጣ በኋላ ነው። ከወጣ በኋላ ደግሞ አይደለሁም ማለት አይቻልም።

ሱሽማ ስለ እኔ ስትጠይቅዎ እውነቱን ብቻ ይንገሯት፤ የቩናሳሌ ልጅ እንደሆንኩ፣ እርስዎ እንዳሳደጉኝ። ስለ ባሕሩ ምንም እንዲሉ አይጠበቅብዎትም። ውሸት እንዲናገሩ አልጠይቅዎትም፣ አክስቴ። እውነቱን ብቻ።

ለገና መምጣት እፈልጋለሁ። ምድጃው ጎን ያለችውን ምንጣፌን ለሰው እንዳይሰጡብኝ።

የእርስዎው ካሊዮቫ


ቩናሳሌ፣ ሜይ 30 ቀን 2019

ይህን በስልክ ነው የምጽፈው፤ ጋዜጣው ቅዳሜ ይወጣል፣ ጀልባ አይቀድመውም። ፊደሉን እየፈለግሁ ስለሆነ አጠር ይላል ብዬ ነበር፣ ኮረብታው ላይ ተቀምጬ ግን ጸሐዩ ሊጠልቅብኝ ነው።

ሱሽማ መጣች። ቀጭን ናት፣ ባሕሩ አስመልሷት ነበር፤ አረንጓዴ ኮኮነት ሰጠናት። መጀመሪያ ወደ ውሃው ወሰድኳት። እንጨቷን በዓይኗ አየች። ምንድን ነው ስትለኝ ዝም አልኩ፣ ጨርቁን ግን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ አዳራሹ ገባን። ለእንግዳ የሚቀርበው መጠጥ፣ ያንጎናው፣ ተበጠበጠ፤ ሽማግሌዎቹ በሙሉ ነበሩ።

ኢኖኬን ስለ አሸዋው ጠየቀችው። «ሐዘን ላይ ነን» አላት። ስለ ዓሣው ጠየቀችው። «ሐዘን ላይ ነን» አላት። ልጅቷ ደግ ናት፣ አልተቆጣችም። ወረቀቷን ዘጋችና እንዲህ አለች፦

«እናንተ መናገር ካልቻላችሁ ይገባኛል። ግን ካሊዮቫ የሚባል ሰው በስማችሁ ተናግሯል፤ አሸዋው ይሸጥ ብሏል። የዚህ መንደር ልጅ ከሆነ መንደሩ ተናግሯል ብዬ ነው የምጽፈው። ልጃችሁ ነው?»

ስለ መሬትና ስለ ባሕር አፋችን ተዘግቷል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ መናገርን ግን ሐዘን አይከለክለውም፤ ያ የእኛ የአክስቶች ነገር ነው። ወንዶቹ ያውቁታል። በአዳራሹ ውስጥ አንተን ጀርባው ላይ አዝሎ ውሃ ያልተሻገረ ሽማግሌ የለም፤ ኢኖኬ ነው ዋና ያስተማረህ። ማንም ወደ እኔ ቀጥ ብሎ አላየም። ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ እኔን ጠበቀ።

አዎ ብል እውነት ነበር። ደብዳቤህ ላይ እንዳልከው፣ እውነቱን ብቻ።

«በቩናሳሌ እንደዚህ የሚባል ልጅ የለንም» አልኩ።

ልጅቷ ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ አልኩ። ኢኖኬ መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ አጨበጨበ፣ ቃልሽን ተቀብያለሁ ማለቱ ነው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። እንዲህ ሆኖ ተፈጸመ። ከእንግዲህ አንተን በስም የሚጠራ ሰው እዚህ የለም፤ ቃሉ የእኔ ብቻ ሳይሆን የሁላቸውም ሆኗል። ለገና ብትመጣ ከጀልባው የሚያወርድህ አይኖርም። እኔም ወደ ባሕሩ ዳር አልወርድም።

ሱሽማ የምትጽፈውን አነበበችልኝ። ተወካይ ነኝ ያለው ሰው በመንደሩ አይታወቅም፣ ባሕሩ ላይ የሐዘን ምልክት አለ ይላል። ያ ከወጣ መንግሥት የተቃውሞውን ቀን ቢያልፍም ሊያራዝመው ይችላል አለች፤ እርግጠኛ አይደለችም። ከዚህ ከተቀመጥኩበት የአሸዋው መርከብ ይታየኛል። ከኮራሉ ውጭ መልሕቅ ጥሎ ቆሟል፣ ከትናንት ጀምሮ።

ይህ የምጽፍልህ በእጅህ ያለ ማስረጃ ነው። ለአለቃህ ብታሳየው እኔ ውሸታም ነኝ፤ ኢኖኬም፣ ሽማግሌዎቹም ውሸታሞች ናቸው። ከቅዳሜ በፊት ገጻችሁ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ አንተም የታራይቪኒ ልጅ መሆንህን አገር ሁሉ ያውቅልሃል፣ ፈቃድህም ይፈረማል። ይህን ሳላውቅ አልጻፍኩልህም። ልጄ አይደለህም ያልኩህን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው ስላልፈለግሁ ነው።

ዝም ብትል ባሕሩ ምናልባት ይተርፋል፣ አንተ ግን ማንም አትሆንም። የትኛውን እንደምታደርግ አላውቅም። እኔው አሳድጌህም አላውቅም።